እናቴን የሚያደክማት በሽታው ነው ወይስ ስለ በሽታው የምታስበው?

በያጁ (ቱሉ ዲምቱ)

ሰላም ለሁላችሁ። በብረት ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ በርና መስኮት እበይዳለሁ። መጻፍ ስላልለመድኩ ከረዘመባችሁ ይቅርታ።

እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አብረን እንኖራለን። ግራ ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኝቶባት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ አሁን በየ21 ቀኑ ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ትወስዳለች፤ አራቱን ጨርሳለች። ሐኪሟ ባለፈው ሳምንት «በደንብ እየሄደ ነው» አለን። እኔ ከክፍሉ ስወጣ እንደ ሕፃን ልፈነጥዝ ምንም አልቀረኝ። እርሷ ግን ደረጃውን እየወረደች «እንግዲህ ለማጽናናት ነው እንጂ ሌላ ምን ይበል» አለች።

ችግሬ ይኸው ነው። የሐኪሙ ወረቀትና እናቴ አልገጥም ብለውኛል። ከአልጋ አትነሳም። በረንዳ እንኳን አትወጣም። ዕድር ከሄደች አምስት ወር ሆናት። ሳህኗንና ኩባያዋን ለይታለች። የሁለት ዓመት ልጄን «ይጋባበታል» ብላ አታቅፈውም፤ እርሱ ደግሞ ምኑን ያውቃል፣ በሩ ላይ ቆሞ «እማማ» እያለ ያለቅሳል።

ከሁሉም ያንገበገበኝን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ኬሞ በቱቦ የሚወርድ ቀይ ፈሳሽ ነበር። ቤት ከገባን በኋላ ሽንቷ ቀላ። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። «ደሜ እያለቀ ነው» ብላ ደመደመች፤ በማግስቱ ረከቦቱን፣ ጀበናውንና ስድስቱን ሲኒ አንድ ሳይቀር ለታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ሰጠች። አመሻሹ ላይ ደግሞ ለዕድሩ ጸሐፊ አስደውላኝ መዋጮዋ እንዳልተጓደለ አረጋገጠች። እኔ ምን ላውቅ፣ ጥንቃቄ መስሎኝ ደወልኩ። እውነቱን የሰማሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሐኪሙን ስጠይቀው ሳቀና «የመድኃኒቱ ቀለም ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል» አለኝ። ይህን አስቀድሞ ለመናገር ግማሽ ደቂቃ አይበቃም ነበር?

እብጠቱንም ስምንት ወር ደብቃ የቆየችው «ብረት ከነካው ይበተናል» ሲባል ስለሰማች ነው። ብረት ሠሪ ልጅ ወልዳ! እኔም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ «እማዬ፣ ዝገት ካልተፋቀ አይለቅም፤ ቀለም ብቻ ቢቀቡት ከሥር ይበላል» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝና «እኔ በር ነኝ?» አለች። ከዚያ ወዲህ ምሳሌ መስጠት ትቻለሁ።

ወረፋ ስንጠብቅ የተዋወቅናት ከሰንዳፋ የምትመጣ ሴት አለች። የእርሷ ወደ አጥንት ተሠራጭቷል፤ ራሷ ናት የነገረችን። ዶሮ ታረባለች፤ ሆስፒታል ስትመጣ እንኳን እንቁላል ይዛ ለነርሶቹ ትሸጣለች፤ በዋጋ ፍንክች አትልም። «እንደ ስኳር በሽታ ነው፤ እርሱም አብሮኝ ይኖራል፣ እኔም አብሬው እኖራለሁ» ትላለች። በወረቀት ከሆነ የእርሷ ይብሳል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ያየ ሰው ግን ሕመምተኛዋ የእኔ እናት ብቻ ናት ይላል።

እናቴን አልጋ ላይ የጣላት የትኛው ነው? ሐሳቧ ከሆነስ መቀየር ይቻላል? ወይስ ልተዋት?


ሲስተር (ሰበታ፣ ጡረተኛ ነርስ)

ልጄ፣ መልካም ጠይቀሃል። 27 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ከካንሰር ሕሙማን ጋር ነው ያሳለፍኩት። የሽንቱን ነገር ሳነብ ራሴን ታዘብኩ፤ ስንቱን ሳልነግር እንደቀረሁ እግዚአብሔር ይወቀው። ሠላሳ ሰው ወንበር ላይ ተደርድሮ ሲጠብቅህ አፍህ ያጥራል።

አንተ ያየኸውን ነገር ሐዋርድ ሌቨንታል የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980 ከባልደረቦቹ ጋር ጽፎበታል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የታመመ ሰው ሁሉ ሐኪም ሳይጠይቅ በልቡ የራሱን መልስ ያበጃል። ይህ ነገር ምንድን ነው፣ ምን አመጣብኝ፣ እስከ መቼ ይቆያል፣ ምን ያደርገኛል፣ ምንስ ይመልሰዋል? ከዚያ በኋላ የሚኖረው በዚያ መልስ ነው እንጂ በሐኪሙ ወረቀት አይደለም። የሰንዳፋዋ ሴት «አብሮኝ የሚኖር» ብላ መለሰች፤ ስለዚህ ዶሮዎቿን ትቀልባለች። እናትህ «ደሜ አለቀ» ብላ መለሰች፤ ስለዚህ ሲኒዋን ሰጠች። ለራሷ በሰጠችው መልስ ከሄድክ ሥራዋ ፍጹም ትክክል ነው። የምትሞት ሴት ዕቃዋን ታከፋፍላለች፤ የዕድር መዋጮዋንም ታጣራለች።

በልዩ ልዩ የካንሰር ዓይነቶች ላይ ብዙ ጥናት ተሠርቷል፤ አዝማሚያውም ተመሳሳይ ነው። በሽታው ሕይወቴን ሁሉ ወስዶታል ብለው የሚያምኑ፣ በሰውነታቸው የሚሰማቸውን ሁሉ የእርሱ ሥራ አድርገው የሚቆጥሩና ሲያስቡት የሚሸበሩ ሰዎች ኑሯቸው ይከብዳል። ሕክምናው ይረዳኛል የሚሉና ነገሩ ምን እንደሆነ የገባቸው ሰዎች ደግሞ የተሻለ ይውላሉ። ግን አንድ ነገር ልብ በል፤ በጣም የታመመ ሰው ሐሳቡም ይጨልማል። የቱ የቱን እንደሚያመጣ ሁልጊዜ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ሁሉንም በሐሳቧ አታሳብብ። ኬሞ ደም ያሳንሳል፤ ደሙ ያነሰ ሰው ደግሞ አራት ፎቅ አይደለም አራት ደረጃም ያደክመዋል። ሄሞግሎቢኗ (የደሟ መጠን ልኬት) ስንት እንደሆነ ጠይቅ። እንቅልፍ እንቢ ካላት፣ ምግብ ካስጠላት፣ ነገር ሁሉ ትርጉም ካጣባት ደግሞ ራሱን የቻለ የድብርት ሕመም ሊሆን ይችላልና ለሐኪሟ ንገር፤ መድኃኒት አለው።

ሐሳቧን ልቀይር ብለህ አትነሣ። መጀመሪያ ጠይቃት። ለዚህ የተዘጋጀች ዘጠኝ ጥያቄ ብቻ ያላት አጭር መጠይቅ አለች፤ ስምንቱ ከ0 እስከ 10 በቁጥር ይመለሳሉ። ዘጠነኛውን ነው የምወደው፤ በሽታውን አመጡብኝ የምትላቸውን ሦስት ነገሮች በቅደም ተከተል ተናገር ይላል። ሰው ለማንም ያልተናገረው ነገር እዚያ ላይ ይወጣል።

ሌላም አለ። በኒውዚላንድ ተመራማሪዎች ድንገተኛ የልብ ሕመም የደረሰባቸውን ሰዎች ልባችሁን ሳሉልን አሏቸው፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጥቷል። በሥዕላቸው ላይ ሰፋ ያለ ጉዳት የሳሉት ከሦስት ወር በኋላ ማገገማቸው የዘገየ ሆኖ ተገኘ፤ የደም ምርመራው ካሳየው ይልቅ ሥዕሉ የበለጠ ተናግሯል። ካንሰር አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን በሥራ ዘመኔ ሞክሬዋለሁ፤ በአፉ «ደህና ነኝ» የሚል ሰው እጁ ሌላ ይስላል።

ስለ ልጁ፤ ካንሰር አይጋባም፤ ትቀፈው፣ ትሳመው። መድኃኒቱን በወሰደች በሁለት ቀን ውስጥ ብቻ ሽንቷንና ትውከቷን የሚያጸዳ ሰው ጓንት ያድርግ፤ መድኃኒቱ በእርሱ ውስጥ ይወጣልና። ምናልባት «ይጋባል» ያለችው ነርሶቹ ጓንት አድርገው መድኃኒቱን ሲሰቅሉ አይታ ይሆናል። አይታ ነው የደመደመችው፤ ሞኝነት አይደለም።


ታዛቢ (ለገጣፎ)

መጀመሪያውኑ ለምን ነገራችኋት? እኛ አባታችንን «ጨጓራ ነው» ብለነው ነበር፤ ምንም ሳይጨነቅ በሰላም አረፈ።


የታሞክሲፊኗ (ካራ)

ታዛቢ፣ አባትህ እንዳልተጨነቁ በምን አወቅህ? ነገሩህ? እርሳቸውም እናንተን እንዳያስጨንቁ ዝም ብለው ይሆናል።

እኔ 41 ዓመቴ ነው። ሕክምናውን ከጨረስኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ ካንሰሩ እንዳይመለስ ታሞክሲፊን የሚባል ክኒን በየቀኑ እውጣለሁ፣ ቢያንስ አምስት ዓመት ተብያለሁ። ቤተሰቤ ለእኔም «ተራ ዕጢ ነው» ብሎኝ ነበር። ፀጉሬ በመዳፌ ሲቀር ተራ ዕጢ እንዲህ እንደማያደርግ ገባኝ። ከዚያ በኋላ እውነቱን ሲነግሩኝም አላምናቸውም ነበር። ወንድሜ በያጁ፣ እናትህ «ለማጽናናት ነው» ያለችው እንዲሁ ከመሬት ተነሥታ ይመስልሃል? ከእርሷ የሸሸጋችሁት ነገር ነበር? መርዶ የደበቀ ሰው የምሥራች ይዞ ቢመጣ ማን ያምነዋል?

ሌላው «ጠንካራ ሁኚ» የሚሉት ነገር ነው። ይህን ቃል የሰማሁበትን ብዛት ብቆጥር ታሞክሲፊኔን የዓመት እገዛበት ነበር። ሊጠይቀኝ የመጣ ሁሉ ቡናውን ጠጥቶ ሲወጣ በር ላይ «ዋናው አእምሮ ነው፤ አንቺ ካሸነፍሽው ይለቅሻል» ይለኛል። ሌሊት ሳለቅስ ታዲያ ዕንባዬ ዕጢውን የሚያሳድገው ይመስለኝ ነበር። አስቡት እስቲ፤ ታምሜ፣ በዚያ ላይ ማልቀስ ተከልክዬ። እ.ኤ.አ. በ2002 ቢኤምጄ በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ቀደም ብለው የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስቦ መርምሮ ነበር፤ በሽታውን ልዋጋው ማለትም ሆነ ተስፋ መቁረጥ ዕድሜን እንደሚያረዝም ወይም እንደሚያሳጥር የሚያሳምን ማስረጃ ብዙም አላገኘም። ይህን ያነበበልኝ የእህቴ ልጅ ነው። ያን ቀን እንደ ጉድ አለቀስኩ፤ በነጻነት። ሐሳቤ ውሎዬን ይለውጠዋል፣ ይህን አልክድም። ዕጢውን ግን እኔ በሐሳቤ አላሳደግሁትም።

ሲስተር ስለ መንሥኤ ያነሡት ትክክል ነው። የእኔ አንደኛው መልስ «ባሌን ስለፈታሁ» የሚል ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልጠየቀኝም።


ቀሲስ (እንጦጦ)

በያጁ ወንድሜ፣ ስለ ጾምና ጸበል አላነሣህም፤ ግን ብዙ ጊዜ አብሮ ስለሚመጣ ልናገር። የታመመ ሰው ጾም አይገደድም። እናትህ ምግብ የምትተወው ለጾም ከሆነ የንስሐ አባቷን ቤት ድረስ ጥራቸው፤ ከአንተ አፍ አትቀበልም፣ ከእርሳቸው ትቀበላለች። እኛ ዘንድ ለጸበል የሚመጡ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ካልጣሉ ያላመኑ የሚመስላቸው አሉ። ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም። በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒት እንዲከበርና መድኃኒትም ከእግዚአብሔር እንደሆነ ተጽፏል። ጸበሉም መድኃኒቱም አንድ ላይ ይሄዳሉ።


ሲስተር (ሰበታ፣ ጡረተኛ ነርስ)

ቀሲስ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ኬሞ በተወሰደ ከሰባት እስከ አሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል በጣም ይወርዳል። በእነዚያ ቀናት በብርድ ንጋት መጠመቅና ያልፈላ ውኃ መጠጣት ቢቆይ መልካም ነው። ትኩሳቷ 38 ከደረሰ ደግሞ «ምች ነው» ብላችሁ ዳማከሴ አትፈልጉ፤ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ውሰዷት።


በያጁ (ቱሉ ዲምቱ)

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፤ ይቅርታ።

የካራዋ እህቴ፣ ጥፋታችንን አውቀሽብናል። የመጀመሪያው የናሙና ውጤት ሲመጣ እኔና እህቴ «ንጹሕ ነው» ብለናት ነበር። ሃያ ቀን ያህል። ቀዶ ሕክምናው ሲቀርብ አማራጭ ስናጣ ነገርናት። እርሷ አንድም ቀን አላነሣችብንም፤ እኛም የረሳችው መስሎን ነበር። ያንቺን መልስ ካነበብኩ በኋላ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። «እህትህ ስትዋሽ ጆሮዋ ይቀላል፤ ያን ቀንም ቀልቶ ነበር» አለችኝ። ለካ ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር።

ሲስተር፣ ሄሞግሎቢኗ ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ደም ተሰጣት። ከዚያ በኋላ ሽንት ቤት ድረስ ሳትደገፍ ትሄዳለች። ግማሹን በከንቱ በሐሳቧ አሳብቤ ኖሯል።

ሥዕሉን ሞከርነው። እስክርብቶ ስሰጣት እጇን አደነዘዛት፤ ኬሞው ነው ተብለናል። ስለዚህ ከሥራ ቦታዬ አንድ ክንድ የማይሞላ የላሜራ ቁራጭና ብረት የማሰምርበትን ጠመኔ አመጣሁላት። ላሜራውን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ብዙ ቆየች። እኔ ጡት ወይም ዕጢ ትስላለች ብዬ ስጠብቅ፣ ጉቶ ሳለች። የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ጉቶ፤ ከዳሩ ዙሪያውን ቀጫጭን እንቡጥ የሚወጣበት። ሰባት ቆጠርኩ።

እናቴ ያደገችው ሱሉልታ ነው። አባቷ ባሕር ዛፍ ቆርጠው አጣና ይሸጡ ነበር። «ባሕር ዛፍ አንዱን ስትቆርጠው በሰባት ያበቅላል» አለችኝ፤ «እኔንም ቆረጡኝ።» ነገሩ «ብረት ከነካው ይበተናል» ከሚለው ወሬ የመጣ ሳይሆን አባቷ ግቢ በዓይኗ ካየችው እንደሆነ ያኔ ገባኝ። የእኔ ዝገት እዚህ ጋ ምን ሊሠራ!

መንሥኤውንም ጠየቅኋት። አንደኛ፣ የአባቴ ሐዘን። ሁለተኛ፣ ልጅ ሆና ጊደር ደረቷን ወግታት ነበር። ሦስተኛውን ልትናገር ከንፈሯን አላቀቀችና መልሳ ገጠመችው። አልጎተጎትኳትም።

ላሜራውን ይዘን ለቀጠሮ ሄድን፤ ተራ አስከባሪው የሆነ ዕቃ ልንሸጥ የመጣን መስሎት ሊመልሰን ነበር። ዕለቱን የገባው ሌላ ሐኪም ነው፤ ወጣት። ላሜራውን ተቀብሎ አየውና «የት ነው ያደጉት?» አላት። ሱሉልታ ስትለው «ታዲያ አባትዎ ጉቶው እንዲደርቅ ሲፈልጉ ምን ያደርጉ ነበር?» ሲል ጠየቃት። እናቴ ቀና ብላ ተቀመጠች። እንቡጡ በወጣ ቁጥር ሳይሰንፉ መልቀም እንደሆነ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ለቅሞ የተወ ሰው እንደሚሸነፍ፣ ሥሩ ሲደክም በራሱ እንደሚሞት አስረዳችው። እርሱም «እኛም የያዝነው እርሱኑ ነው፤ በየ21 ቀኑ የምንጠራዎ ለለቀማ ነው» አላት። ቀጥላ «ጉቶው ደርቋል?» አለችው። ትንሽ አሰበና «ይህን ዛሬ አልነግርዎትም፤ ምልክቱ ጥሩ ነው፤ ከጨረስንም በኋላ እየመጡ እናየዋለን» አለ።

እኔ ተናድጄ ነበር፤ ምናለ «አዎ» ቢላት ብዬ። በመልሱ ላይ ታክሲ ውስጥ ግን «ይህኛው አይዋሽም» አለችኝ። ከዚያ ሳሪስ እስክንደርስ አባቷ ስለ ቆረጡት ዛፍና ስለ አጣና ዋጋ አወራችኝ። በአምስት ወር ውስጥ ያን ያህል አውርታ አታውቅም።

ሁሉም ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። ኩባያዋ አሁንም ለብቻው ነው። ልጁን አልጋው ግርጌ ታስቀምጠዋለች፤ ማቀፍ ገና ነው። በለሊት አሁንም ተነሥታ ትቀመጣለች። እሑድ ዕለት ግን እህቴ ስትመጣ ቡና ይፈላ አለችና ታች ወርጄ ጀበናዋን እንድዋስ ላከችኝ። ጎረቤታችን አፍራ አጎንብሳ አወጣችው፤ አንገቱ ተሰብሯል። ይዤው ስወጣ እናቴ ስብርባሪውን ገልብጣ አየችና «በጄ ሃያ ዓመት የቆየ ጀበና በሦስት ወር!» ብላ ከአልጋ ተነሣች። ታች ወርዳ ልትቆጣት ነበር፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትንፋሿ አጥሮ መለስኳት። ቅዳሜ አቃቂ ገበያ ራሷ መርጣ እንደምትገዛ ነግራኛለች፤ እኔ ጀበና መምረጥ አልችልምና።